በሩን በሦስት ሰዓት የዘጋሁ ዕለት

እኔ ሰው አልፈራም፤ ወረቀት ነው የምፈራው። ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ስሜን እጽፋለሁ፣ የመኪና ታርጋ አነባለሁ፣ የሱቅ ማስታወቂያ አነባለሁ። ከታች በደቃቁ የተጻፈውን ግን ዓይኔም ትዕግሥቴም አይችለውም። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሲዘረጉልኝ ደግሞ የማውቀውም ፊደል ከፊቴ ይጠፋል። ይህችንም የምጽፋት ቀስ እያልኩ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው የጠበቆች ማኅበር በር ጠባቂ ሆኖ መኖሩ ያስቃል። ባለቤቴ ስትስቅብኝ ኖራለች። ወረቀት ሸሽተህ ሸሽተህ የወረቀት ጎተራ ደጃፍ ላይ ተቀመጥክ ትለኛለች። እውነቷን ነው።

ማኅበሩ ያለው ካዛንቺስ፣ ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጀርባ፣ በአንድ ያረጀ ግቢ ውስጥ ነው። ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው የጠበቆች ዕድር ነው እያልኩ ነው የማስረዳው። ወዶ የሚገባበት፣ ሲሰለቸው የሚቀርበት፤ አስገዳጅ የለውም። ግቢው ውስጥ አንድ አዳራሽ አለ፣ ሁለት ቢሮ አለ፣ ከበሩ አጠገብ ደግሞ አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። በዚያች ክፍል ጠበቆቹ በየተራ እየገቡ መክፈል ለማይችል ሰው በነፃ ይመክራሉ፣ ፍርድ ቤትም ይቆሙለታል። ደመወዟን የተከለከለች የቤት ሠራተኛ ትመጣለች። ልጆቹን እንዳያይ የተደረገ አባት ይመጣል። ሁሉም መጀመሪያ የሚቀመጡት እኔ ጎን ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ነው። ስንት ይከፈላል ብለው በሹክሹክታ ይጠይቁኛል። ምንም ስላቸው አያምኑም፤ ተነስተው ሊሄዱ የሚሉም አሉ። ቆጣ ብዬ ቁጭ በሉ፣ አይበሏችሁም እያልኩ የማስቀምጣቸው እኔ ነኝ።

በኋላ እኔም እዚያችው ወንበር ላይ ባለጉዳይ ሆኜ ተቀመጥኩ።

ነገሩ የቤት ነው። የምንኖረው ከማኅበሩ ወደ ቂርቆስ በኩል ወረድ ብሎ ባለ የቀበሌ ቤት ነው። ቤቱ የተመዘገበው በባለቤቴ አክስት ስም ነው። ባለቤቴን ያሳደገቻት እሷ ናት፤ እኔም ሳገባ ጎጆ ወጣሁ ይባል እንጂ የገባሁት እሷ ጎጆ ነው። ያን ጊዜ የሰፈራችን ዕድር ለፋፊ ነበርኩ። ሰው ሲሞት ጡሩምባዬን ይዤ ጎህ ሲቀድ እወጣለሁ፣ በየመንገዱ እየዞርኩ ማን እንዳረፈ፣ ቀብሩ የትና በስንት ሰዓት እንደሆነ እናገራለሁ። አክስትየው ስታርፍም የለፈፍኩት እኔው ነኝ። ሰፈሩ በሙሉ ሰማ። ሳልነግረው የቀረሁት አንድ ቢሮ ብቻ ነው፤ ቤቱ የተመዘገበበትን ቢሮ።

ባለቤቴ ሂድና ስሙን አዛውር ትለኝ ነበር። ነገ እላታለሁ። ነገ ሌላ ነገ እየወለደ ዓመታት አለፉ። ሰበቤ ብዙ ነበር፤ ሥራ አለብኝ፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ኪራዩ እስከተከፈለ ማን ይጠይቀናል። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። የሰፈር ሙሉ ሰው ሞት ስለፍፍ የኖርኩ ሰውዬ የአንዲት ሴት ሞት ለአንድ ጸሐፊ ሳልናገር ቀረሁ።

ከዚያ ልማቱ መጣ። መጀመሪያ ከእኛ በላይ ያለው ሰፈር ተነሳ። ዕድርተኛው ተበተነ፤ ግማሹ ከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ገባ፣ ግማሹ ዘመድ ጋ ተጠጋ፣ አንዳንዱ የት እንደደረሰም አላውቅ። የዕድሩን ድንኳን ጠቅልሎ የሚያስቀምጠው ሰው ጠፋ። ጡሩምባዬ እቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅላ ቀረች። ቀጥሎ የእኛ መደዳ ተራ ደረሰና በግድግዳችን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር ተጻፈ። ተነሺዎች ሲመዘገቡ መዝገቡ ተገለጠ፤ ያለው የአክስትየው ስም ነው። እኛ የለንም። ጸሐፊው ጨዋ ልጅ ነበር፤ አባባ፣ የሞተ ሰው ምትክ ቤት አይወስድም፣ እናንተ ደግሞ መዝገብ ላይ የላችሁም፣ ፍርድ ቤት ካላረጋገጠላችሁ እኔ ምን ልሥራ አለኝ። ምን ይበል? ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ፍርሃት ያዘኝ። ጠዋት ከቤት ስወጣ መጀመሪያ የማየው ያንን ቀይ ቁጥር ነው። ማታ ተመልሼም እሱኑ አያለሁ፤ የሚለወጥ ይመስል። ቤት የሚያፈርሰውን የስካቫተር ድምፅ ከሩቅ ስሰማ ተራው የእኛ እንደሆነ ለማየት ደጅ እወጣለሁ። ባለቤቴ እግሯን ታማለች፣ ከአልጋ እስከ ደጃፍ በምርኩዝ ነው። ይቺን ሴት ይዤ የት ነው የምወድቀው? እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ ነግሬህ አልነበረም ወይ አላለችኝም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጉዳዬን የያዘችልኝ ከነፃዋ ክፍል አንዲት ወጣት ጠበቃ ናት። ለሌላ ቢሮ ተቀጥራ ነው የምትሠራው፤ ሐሙስ ሐሙስ ግን ለማኅበሩ ትሰጣለች። «ማለቴ» እና «በቃ» ከአፏ አይጠፉም፣ ስትናገር ትፈጥናለች፣ እኔ ግን ይገባኛል። አክስትየውን ያወቁ ምስክሮች አስቆጠረችኝ፣ የኪራይ ደረሰኞቹን በሙሉ ከሳጥን አስወጣችኝ፣ አቤቱታውን ጽፋ እያነበበች አሰማችኝ። የጻፈችው እኔ ያልኩትን ነው፤ አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ችሎቱ ለአንድ ሐሙስ ቀጠረን። ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ታዲያ ሊቀ መንበሩ የሚፈርመው ደብዳቤ ያስፈልጋታል፤ ማኅበሩ መድቧታል የሚል። ያለዚያ የምትሠራበት ቢሮ አይለቃትም።

ከዚያ ሐሙስ በፊት ባለው ቅዳሜ የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባዔ ነበር። ሊቀ መንበሩ ሽበታም፣ ቀስ ብለው የሚራመዱ ሰው ናቸው፤ ሲገቡ ሲወጡ እኔ ጋ ቆም ይላሉ። ጉባዔው ስለ ምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አስረዱኝ። ድሮ ጠበቃ የሚሰበሰበው እዚህ ነበር፤ አሁን ግን በሕግ ሌላ ማኅበር ተቋቁሟል፣ ጠበቃ የሆነ ሁሉ የግድ አባል የሚሆንበት። ሥልጠናውም፣ የሥነ ምግባሩ ጉዳይም፣ መዋጮውም ወደዚያ ሄደ። ሰው ደግሞ ሁለት ቦታ መሰብሰብ ይሰለቻል። ስለዚህ የእኛ የወደፊት ሚና ምንድነው በሚለው ላይ እንነጋገራለን አሉኝ።

ሚና ማለት ምን እንደሆነ ጠየቅኩ።

«ለምን እንኖራለን ማለት ነው፣ ጋሼ» አሉኝ።

እሱንማ እኔም እየጠየቅኩ ነው ብዬ ሳቅን። ከዚያ ግን ሳቁን ያጠፋብኝን ነገር ነገሩኝ። የቀረበ ሐሳብ አለ። ነፃዋ ክፍል ትዘጋ፣ የያዘቻቸው መዝገቦች ለባለጉዳዮቹ ይመለሱ፣ ማኅበሩ መጽሔት እያሳተመና ውይይት እያዘጋጀ ይኑር የሚል። ክፍሏ የምትሠራው ጉባዔው በየዓመቱ በሚያድስላት ፈቃድ ነው። ፈቃዷ የሚያልቀው በዚያው ቅዳሜ ነበር።

ሐሙሴስ? አልኳቸው። ከታደሰ ደብዳቤዎን ሰኞ እፈርማለሁ፣ ካልታደሰ ግን እጄ ይታሰራል አሉኝ። የሚዋሹ ሰው አይደሉም። ለዚያ ነው የፈራሁት።

ቅዳሜ ማለዳ ከሁሉ ቀድሜ ግቢውን ጠረግኩ፣ ወንበሩን ደረደርኩ። ሊቀ መንበሩ ሲገቡ እንዲህ አሉኝ፦ «ጋሼ፣ ዛሬ ሰዓት ይከበር። ልክ በሦስት ሰዓት እንጀምራለን።»

እንግዲህ ጥፋቴን ልናገር።

በዕድራችን አንድ ሕግ ነበር። የወሩ ስብሰባ ሰዓት ሲደርስ ዳኛው በሩ ይዘጋ ይላል፣ የምዘጋው እኔ ነኝ። ያረፈደ ውጭ ይቆማል። ስሙ ሲጠራ ከውጭ ሆኖ አቤት ቢል እንኳ አይቆጠርለትም፤ እንደቀረ ተጽፎ ይቀጣል። ብሂላችን ያለ ቅጣት ዕድር አይቆምም የሚል ነበር። የንስሐ አባቴን ሳይቀር ዘግቼባቸው አውቃለሁ፤ ከስብሰባው በኋላ ይፍታህ እያሉ ስቀውልኛል። ሰዓት ይከበር ሲሉኝ በልቤ የመጣልኝ ይኸው ነው። ደግሞም ፈርቻለሁ። የፈራ ሰው የሚያውቀውን ነገር አጥብቆ ይይዛል። ሥርዓቱን ካስከበርኩ ጉባዔው ያምራል፣ ጉባዔው ካማረ ለእኔም ይቀናኛል ብዬ ነው። በሦስት ሰዓት ሰንሰለቱን አዞርኩ፣ ቁልፉን ቆለፍኩ፣ መክፈቻውን ኪሴ ከተትኩ።

ብዙም አልቆየ፣ በሩ ተንኳኳ። ወጣቶች ናቸው። መንገዱ ስለተቆፈረ ታክሲው ስታዲየም ጋ አውርዷቸው በእግር ነው የመጡት፤ ጫማቸው አቧራ ለብሷል። በቀዳዳው አየኋቸው። ሰዓት አልፏል አልኳቸው።

«አባባ፣ አምስት ደቂቃ እኮ ነው!»

«አምስትም ሃምሳም ያው ነው። ተዘግቷል።»

«አባባ፣ እኛ አባል ነን። በሕግ የመግባት መብት አለን።»

«ሕጉን ለሊቀ መንበሩ ንገሯቸው።»

«እንዴት እንንገራቸው፣ ዘግተውብን?»

ሁሉም ሳቁ። አንዱ ካዛንቺስ ፈርሶ እርስዎ ብቻ ሳይፈርሱ ቀሩ እኮ አለኝ። ሌላው በስልክ ሊደውል ሞከረ፤ ውስጥ ያሉት ስልካቸውን አጥፍተዋል። ጥቂት ቆሙ፣ ፀሐዩ ከረር አለ፣ እንግዲህ ማኪያቶ እንጠጣ ተባባሉና ሄዱ። ከእነሱ በኋላም የመጡ ነበሩ፤ እነሱንም መለስኩ። ደስ እያለኝ ነው የመለስኳቸው። ከዕድራችን መበተን ወዲህ እንዲያ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ አያውቅም።

ትንሽ ቆይቶ ወጣቷ ጠበቃዬ ከአዳራሹ ወጣች። ፊቷ አመድ መስሏል። ሰው አልመጣም ወይ አለችኝ። በኩራት ነገርኳት፤ መጥተው ነበር፣ አርፍደው መጡና መለስኳቸው አልኳት።

አፏን በእጇ ያዘች። መቆጣቱንም ተወችው፤ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር አስረዳችኝ። ጉባዔው እንዲወስን ከአባላቱ ግማሽ ሲደመር አንድ ሰው መገኘት አለበት። ተቆጥሯል፣ አራት ሰው ጎድሏል። ካልሞላ ስብሰባው ይበተንና ለሌላ ቅዳሜ ይቀጠራል። እስከዚያ የክፍሏ ፈቃድ አብቅቷል፣ ሊቀ መንበሩ ምንም ደብዳቤ አይፈርሙም።

«ሐሙስ አልቆምልዎትም ማለት ነው፣ አባባ። ማለቴ፣ ብፈልግም አይለቁኝም። ደግሞ እነዚያ የመለሷቸው ልጆች ክፍሏ እንዳትዘጋ ድምፅ ሊሰጡ የመጡ ነበሩ።»

ኪሴ ውስጥ ያለው መክፈቻ እንደ ፍም ሆነብኝ። ባለቤቴ ደጃፍ ላይ ምርኩዟን ይዛ፣ ስካቫተሩ ቆሞ ሲጠብቃት ታየኝ። የሚያስወጣን ሌላ ሰው አይደለም፤ በገዛ እጄ ነው የቆለፍኩት። መጀመሪያ ለቢሮው ሳልናገር፣ አሁን ደግሞ በሩን ዘግቼ። ሁለት ጊዜ።

ሰንሰለቱን ልፈታ ስል መክፈቻው አልገባም አለኝ፤ እሷ ናት የከፈተችው። ከዚያ ወደ አዳራሹ ገባሁ። በዚያ ግቢ ስኖር ስብሰባ መሐል ገብቼ አላውቅም። ሊቀ መንበሩ ስብሰባው ሊበተን ነው እያሉ ወረቀታቸውን እየሰበሰቡ ነው። ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምኩና ሰዎቹ አልቀሩም፣ እኔ ነኝ የዘጋሁባቸው፣ እዚሁ ካፌ ናቸው፣ ልጥራቸው አልኩ።

አዳራሹ ተንጫጫ። ክፍሏ ትዘጋ የሚለውን ሐሳብ ያቀረበው ጠበቃ ከፊት ተቀምጧል፤ ጥቁር ከረባት ያሰረ፣ ጠና ያለ ሰው። ተነሳና በየትኛው ደንብ ነው የዘጉት ብሎ ጠየቀኝ። እንደ ችሎት ነው የጠየቀኝ። በዕድራችን ደንብ አልኩ። ሳቅ ሆነ። እሱ ግን አልሳቀም።

«ዕድርዎ አሁን የት አለ፣ አባት?»

የት አለ ልበል?

«የለም» አልኩት። «ሰፈሩ ፈረሰና ሰው ተበተነ።»

«የእኛም እንደዚያ ነው። ሰፈራችን ፈርሷል። ጠበቃው በሕግ ወደ ሌላ ሰፈር ተዛውሯል። እኔ ክፍሏን ጠልቼ አይደለም ትዘጋ የምለው። ሰው በሌለበት ባዶ ድንኳን ተክለን ለቅሶ እንቀበላለን ብለን ሰው አናታልል ብዬ ነው።»

ክፉ ሰው መስሎኝ ነበር። ንግግሩ ግን የክፉ ሰው አይደለም፤ እውነት አለው፣ ለዚያም ነው ይበልጥ ያስፈራኝ። መልስ ሳላስብ ከአፌ ወጣ።

«ሰፈሩ ፈረሰ እንጂ፣ ጌታዬ፣ ሞት አልፈረሰም። ዛሬም ሰው ይሞታል። የሚለፍፍለት ነው ያጣው።»

ሰውየው ሰዓቱን አየና ወደ ሊቀ መንበሩ ዞሮ ሰዎቹ መጥተው ከነበረ፣ በእኛ በር ጠባቂ ስለተመለሱ እንደቀሩ አይቆጠሩ፤ ግማሽ ሰዓት ይሰጣቸው አለ። ክፍሏን ሊዘጋ የመጣው ሰው ነው ግማሽ ሰዓቱን የሰጠኝ። ይህንን አልረሳለትም።

ወጣሁ። ጡሩምባዬ እቤት ናት፣ ለማምጣትም ጊዜ የለም። በካዛንቺስ መንገድ፣ በአቧራው መሐል፣ በሰባ ምናምን ዓመቴ መሮጥ ጀመርኩ። የሚሮጥ ሽማግሌ ሲያይ ሰው መንገድ ይለቃል። የመጀመሪያው ካፌ ውስጥ ማንም የለም። ሁለተኛው ካፌ ውስጥ ሁለት አገኘሁ፤ ማኪያቷቸው ግማሽ ላይ ነው። የጠጣችሁት ይበቃል፣ ተነሱ አልኳቸው። አንዱ ቅጣታችንን ጨርሰናል ወይ ብሎ ተረበኝ። ቅጣቱ ወደ እኔ ተዛውሯል፣ ተነሱ ብቻ አልኩት። ፊቴን ሲያዩ ቀልዱን ተዉት። ሦስተኛዋን ሜክሲኮ የሚሄድ ታክሲ ልትሳፈር ስትል፣ አንድ እግሯ ውስጥ ሆኖ ደረስኩባት። ረዳቱ አባባ ትግባ ወይ ትውረድ ብሎ ጮኸብኝ። ትውረድ አልኩት።

አንድ ቀረ። ጊዜው ሊያልቅ ነው። ከዚህ ወዲያ የት እንደምፈልግ አላወቅኩም። መንገዱ መሐል ቆሜ ቀረሁ። ያን ጊዜ እንደ ድሮው በየደጁ መጥራት ጀመርኩ፤ ስሙን ስለማላውቀው፣ «ጠበቃ! ጠበቃ የሆነ! ጉባዔ ተከፍቷል!» እያልኩ። ሰው ያበድኩ መስሎት ያየኛል። አንድ ጸጉር ቤት በር ላይ ስደርስ አንዱ አቤት አለ። ወንበሩ ላይ ተንጋሏል፣ ጉንጩ አረፋ ነው። ከተዘጋብኝ አይቀር ልላጭ ብዬ ነው አለኝ። ክንዱን ያዝኩት። ግማሽ ፊቴ አልተላጨም ቢለኝ በግማሹ ድምፅ ስጥ አልኩት። ጸጉር አስተካካዩ ፎጣዬን እያለ፣ ሰውየው ፎጣውን ከአንገቱ ሳያወልቅ ተከትሎኝ መጣ።

ተቆጠረ፤ ሞላ።

ቀጥሎ የሆነውን ከአዳራሹ በር ላይ ቆሜ ነው የሰማሁት። ትዘጋ የሚሉ ተናገሩ፣ አትዘጋም የሚሉ ተናገሩ። ባለ ፎጣው ሲናገር ደርቆ የቀረ አረፋ ከጉንጩ ይረግፍ ነበር፣ ግን ማንም አልሳቀም። የግድ የሚገባበት ማኅበር ሥራውን ይሥራ፣ ወዶ የሚገባበት ደግሞ ማንም ያላዘዘውን ሥራ ነው የሚሠራው አለ። ባለ ከረባቱ መልሶ፣ እሺ፣ ሐሙስ ሐሙስ የሚመጣውን ጠበቃ ቁጠርልኝ፣ አምና ስንት ነበሩ፣ ዘንድሮ ስንት ናቸው አለው። እኔ መልሱን አውቃለሁ፤ በሩን የምከፍትላቸው እኔ ነኝ። እየቀነሱ ነው።

መጨረሻ ላይ የወሰኑት እንደ ሁልጊዜው መሐል ለመሐል ነው። የማኅበሩን የወደፊት ሚና የሚያጠና ኮሚቴ ተመረጠ። ባለ ከረባቱም አለበት፣ ባለ ፎጣውም አለበት፣ የእኔ ጠበቃም አለችበት። ኮሚቴው እስከ ሰኔ ማለቂያ አጥንቶ ያቀርባል፤ ክፍሏ እስከዚያ ትሠራለች። ሊቀ መንበሩ ሰኞ ደብዳቤዬን ፈረሙልኝ። ማኅተሙ ሲያርፍበት ለመጀመሪያ ጊዜ ማኅተም አልፈራሁም።

ሐሙስ ችሎት ቀረብን። ባለቤቴን በባጃጅ ወሰድኳት፤ ደረጃውን ወጣቷ ደግፋ አወጣቻት። ዳኛዋ አንድ ምስክር ሰሙ፣ ደረሰኞቹን ተቀበሉ። የቀሩትን ምስክሮች ለመስማትና ከጽሕፈት ቤቱ የመዝገብ ማስረጃ ለማስቀረብ ለሐምሌ ቀጥረናል አሉ። እስከዚያ ቤቱ ባለበት ይቆይ የሚል ትእዛዝም ሰጡ። ያለ ጠበቃዬ ያንን ትእዛዝ መጠየቅ እንዳለብኝ እንኳ አላውቅም ነበር።

ደጅ ስንወጣ ባለቤቴ ተመስገን አለች። ወጣቷም አይዞዎት፣ ተቀጠረ ማለት ተሸነፍን ማለት አይደለም አለችኝ። እኔ ግን ወራቱን እየቆጠርኩ ነው። ኮሚቴው ሰኔ ላይ ያበቃል። ቀጠሮዬ ሐምሌ ነው።

«ልጄ፣ ሐምሌ ላይ ማን ይቆምልኛል?» አልኳት።

ፈጥና የምትናገረው ልጅ ፋይሉን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ማለቴ... ሰኔ ላይ እናያለን፣ አባባ» አለች።

እቆምልዎታለሁ ብትለኝ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ያልጨበጠችውን አልሰጠችኝም፤ ይህም ጠበቃነቷ ነው።

እነሆ አሁን በሩን አልዘጋም። ትልቅ ድንጋይ አስደግፌ ወለል አድርጌ ነው የማውለው። ኮሚቴው ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ይሰበሰባል። ሰባት ናቸው፤ አራት ካልሞሉ መነጋገር አይችሉም፤ ጥናቱ ካላለቀ ደግሞ ክፍሏ ከሰኔ በኋላ ፈቃድ የላትም። ስለዚህ ረቡዕ ሲሆን በጊዜ እነሳና ካፌዎቹን አዳርሳለሁ፣ ጸጉር ቤቱን አያለሁ፣ ፍርድ ቤት ውሎ ከደከመው ቦርሳውን እይዝለታለሁ። ዛሬ አልችልም የሚለኝ ካለ ጠረጴዛው አጠገብ እቆማለሁ፤ እስኪነሳ አልነሳም። አስተናጋጆቹ የጠበቆች ለፋፊ ብለው ስም አውጥተውልኛል። ባለ ከረባቱ ግን አንድም ቀን ቀርቶ አያውቅም፤ ከሁሉ ቀድሞ ይመጣና ብቻውን ይቀመጣል። እሱ ሲቀድም ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ አላውቅም።

ቀዩ ቁጥር ግድግዳችን ላይ አለ። ባለቤቴ ሁልጊዜ ማታ ስንት ሰው መጣ ትለኛለች፤ እነግራታለሁ። ዛሬ ረቡዕ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፤ እስካሁን የገቡት ሦስት ናቸው። አንድ ሰው ይጎድላል። እስክርቢቶዬን ላስቀምጥና ልፈልግ ልውጣ።